ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ ካሜራው ግን የት ቆሞ ነበር?

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ማየትንና መፍረድን ሁለት ሥራዎች አድርጎ መለየቱ የሚደነቅ ነው። ዓይን ያቀብላል፤ ልብ ይመዝናል። ይህ አባባል በተፈጠረበት ዘመን ግን በዓይንና በልብ መካከል የገባ ሦስተኛ ወገን አልነበረም። ዛሬ አለ። ስለ ዓለም ከምናውቀው ብዙውን ያየነው ሌላ ሰው ቦታ መርጦ ባቆመው ካሜራ፣ ሌላ ሰው ባስተካከለው ብርሃንና ሌላ ሰው ቆርጦ በቀጠለው ቅደም ተከተል ነው።

ፊልም አይተን ስንወጣ የምንነጋገረው ስለ ምንድን ነው? ስለ ታሪኩ፣ ስለ ተዋንያኑ ችሎታ፣ ቢበዛ ስለ ንግግሩ ጣዕም ነው። «ካሜራው ከፍ ብሎ ነበር ወይስ ዝቅ ብሎ? ብርሃኑ የሚመጣው ከየት ነበር? ከዚያ ፊት ቀጥሎ ይህ ምስል ለምን መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች እምብዛም አይገኝም። ጉዳዩ ለባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ይህ አደገኛ መዘናጋት ነው። በመጋረጃው ላይ የሚታየው ምስል ክፍት መስኮት አይደለም፤ አንድ ነገር የሚል፣ የሚከራከርና የሚያሳምን ንግግር ነው። የሚናገርበት መሣሪያ ደግሞ ርቀት፣ ከፍታ፣ ብርሃንና ቅደም ተከተል ነው። እነዚህ ሁሉ በሜትርም ሆነ በሰዓት ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች በመሆናቸው ጉዳዩ ለሳይንስ መጽሔት ባዕድ አይሆንም።

አንዲት እናት፣ ሦስት ምስሎች

ነገሩን በቅርባችን ካለ ስፍራ እንጀምር። አራት ኪሎ ካለው የሳይንስ ግቢ ተነሥተን፣ በስድስት ኪሎ አድርገን፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን ብንወጣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የጉለሌዋን ቁስቋም እናገኛለን። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ይበልጣል። ከላይ የባሕር ዛፉ ደን፣ ከታች ደግሞ የተዘረጋው ከተማ አለ። በዚህ ቁልቁለት ላይ ከጫካ የለቀሙትን እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ እናቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል። ካሜራ የያዘ ሁሉ፣ የአገር ልጅም ሆነ የውጭ እንግዳ፣ ፎቶግራፍ ሊያነሣቸው ይፈልጋል።

እስቲ አንዲቱን እናት በሐሳባችን ሦስት ጊዜ እንቅረጻቸው። በመጀመሪያው ምስል ካሜራው ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ይመለከታቸዋል። እናቲቱ በመንገዱ ላይ እንደ ጉንዳን አንሰው፣ ከሸክማቸው በታች ተደብቀው ይታያሉ። ተመልካቹ «ችግር» ያነባል። በሁለተኛው ምስል ካሜራው ከመሬት ተጠግቶ፣ ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ይመለከታል። ሸክሙ ሰማዩን ይሞላል፤ እግራቸው እንደ ምሰሶ ይቆማል። ተመልካቹ «ብርታት» ያነባል። በሦስተኛው ምስል ካሜራው በዓይናቸው ቁመት ልክ ሆኖ አብሯቸው ይራመዳል። የግንባራቸው ላብ፣ የጎረቤት ሰላምታ ሲመልሱ የሚያሳዩት ፈገግታ ይታያል። ተመልካቹ አሁን «እኚህ ሴት ማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። እናቲቱ ያው ናቸው፤ ሸክሙም ያው ነው። አንድም ቃል አልተነገረም። የተለወጠው የካሜራው ቁመትና ርቀት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ የፊዚክስ ነጥብ ማንሣት ያስፈልጋል። «ሩቅ አቅራቢው ሌንስ ኋላ ያለውን ነገር ጎትቶ ያስጠጋል» ሲባል እንሰማለን። ሌንሱ ግን አይጎትትም። የነገሮችን አንጻራዊ መጠን የሚወስነው ካሜራው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ካሜራው ከእናቲቱ 3 ሜትር ርቆ ይቁም፤ ከእርሳቸው 30 ሜትር ወደ ኋላ ደግሞ አንድ ሕንፃ ይኑር። ሕንፃው ከካሜራው 33 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። የአንድ ነገር ምስል መጠን ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ሕንፃው እናቲቱ ዘንድ ቢቆም ኖሮ ከሚኖረው መጠን 11 ጊዜ አንሶ ይታያል። አሁን ካሜራውን 60 ሜትር እናርቀው። ሕንፃው 90 ሜትር ላይ ይሆናል፤ 90 ለ60 ሲካፈል ደግሞ 1.5 ነው። ሕንፃው ከሞላ ጎደል በሙሉ ግዝፈቱ ከእናቲቱ ጀርባ ተደቅኖ፣ ከእንጨቱ በላይ ሌላ ሸክም የሆነባቸው ይመስላል። ሌንሱ የሠራው ከዚያ ሩቅ ስፍራ የሚታየውን ቆርጦ ማጉላት ብቻ ነው። «ከተማው ድሃዋን ተጫናት» የሚለው ሐሳብ እንግዲህ በስድሳ ሜትር እርምጃ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነው።

ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

ከርቀት ቀጥሎ ብርሃን ይመጣል። በብርሃን ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን የሆነ ልዩ ፈተና አለብን። ይህንንም ለመረዳት ከቁስቋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚሠሩት ንጹሕ ነጭ ጥጥ በላዩ ከሚያርፈው ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ጠቆር ያለ የሰው ፊት ደግሞ የሚመልሰው 10 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ፣ በካሜራ ባለሙያዎች አነጋገር ሦስት «ስቶፕ» ይሆናል፤ አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ማለት ነውና።

ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም ክብረ በዓል ሲውል ነጭ የለበሰውን ምእመን ለመቅረጽ ካሜራውን የሚያነሣ ሰው ምን ይገጥመዋል? በተለመደው አሠራር የካሜራው የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ነው ብሎ ይገምታል። ምስሉ በነጭ ነጠላ ሲሞላ መሣሪያው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ወደ ግራጫ፣ ፊት ሁሉ ወደ ጥላ ይለወጣል። በተቃራኒው ብርሃኑ ለፊት ቢመጠን ነጠላው ይነድና ጥለቱም ፈትሉም የማይለይ ነጭ ባዶ ይሆናል። በዚህ ላይ ነጠላው ፀሐይ ላይ፣ ፊቱ ደግሞ በነጠላው ጥላ ሥር ሲሆን ሌላ ሦስት ስቶፕ ቢጨመር ልዩነቱ 64 እጥፍ ይደርሳል። የሰው ዓይን ከነጠላው ወደ ፊት ሲሻገር ራሱን ስለሚያስተካክል ይህን ችግር አያውቀውም። ካሜራ ግን ለመላው ምስል አንድ ልክ መምረጥ አለበት። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የአማርኛ ፊልም የተስፋፋባቸው አነስተኛ የቪዲዮ ካሜራዎች ይህን ሁሉ ልዩነት የመያዝ አቅም አልነበራቸውም። ዛሬ ለሲኒማ የሚሠሩ ካሜራዎች እስከ 14 ስቶፕና ከዚያም በላይ ይይዛሉ፤ ሆኖም ምርጫው አሁንም የሰው ነው።

መልክዓ ምድራችንም የራሱን ይጨምራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። ግንባር ይበራል፤ የዓይን ጉድጓድ ግን በጥላ ይሞላል። ዓይኑ የማይታይ ሰው በመጋረጃ ላይ ሐሳብ ያለው አይመስልም። አንድን ሕዝብ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ለነጭ ልብሱ በተመጠነ ብርሃን ቀርጾ ማሳየት ባለ ብዙ ፊት ጉባኤን ፊት አልባ ሕዝበ አዳም ማድረግ ነው።

የቴክኖሎጂው ታሪክ ራሱ ከዚህ ነጻ አይደለም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ሚዛናቸውን ያስተካክሉ የነበረው ኮዳክ በሚያዘጋጀው፣ «ሸርሊ» በመባል በሚታወቀው የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። የእርሷ መልክ ካማረ ሁሉም እንዳማረ ይቆጠር ነበር። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች ለካናዳዊቷ ተመራማሪ ለሎርና ሮት እንደተናገሩት፣ ፊልሙ ለጠቆር ያሉ ቀለሞች እንዲሻሻል ከገፋፉት መካከል የቸኮላትና የእንጨት የቤት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል። የቸኮላት ጥቁረት በወጉ አለመታየቱ ያሳሰበውን ያህል የሰው ፊት አላሳሰበም ማለት ነው።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ብርሃንን ለፊት መመጠን፣ ከጎን የሚመጣውን የጠዋትና የሰርክ ፀሐይ መምረጥ፣ በነጭ ሰሌዳ ብርሃንን ወደ ፊት መመለስ፣ የፊልም አልባሳት ባለሙያዎች ከጥንት እንደሚያደርጉት ነጩን ጨርቅ ሻይ ውስጥ ነክሮ ጥቂት ማደብዘዝ ይቻላል። እነዚህ ርካሽ ዘዴዎች ናቸው። ዋጋ የሚያስከፍለው ችግሩ እንዳለ አለማወቅ ነው።

አባቶች ያነበቡት

«ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ጥበብ ነው፤ የእኛ ሕዝብ ምስልን እንዲህ አላነበበም» የሚል ቢኖር የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን ይመልከት። በዚህ የሥዕል ወግ ጻድቃንና ሰማዕታት ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው ወደ ተመልካቹ ይሣላሉ። ከሓድያንና ዓላውያን ደግሞ በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ሥዕል ይሁዳን ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ አንድ ዓይኑን መቁጠር ይበቃል። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ይህን ሰዋስው ታውቀው ነበር። የፊት አቅጣጫ ትርጉም እንደሚሠራ፣ ትርጉሙም በሠዓሊው ምርጫ እንደሚጸና የአገራችን ተመልካች ከሲኒማ በፊት ተምሮታል። ያጣነው ችሎታውን ሳይሆን፣ ያንኑ ችሎታ በሚንቀሳቀሰው ምስል ላይ የመጠቀም ልማዱን ነው።

ሁለት እውነቶች ተጋብተው የወለዱት ሦስተኛ

እስካሁን ያየነው አንድ ምስል ብቻውን የሚናገረውን ነው። የፊልም ትልቁ ኃይል ግን ያለው ሁለት ምስሎች ሲቀጣጠሉ ነው። ከ1917 እ.ኤ.አ. የሩስያ አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የፊልም መምህር የተዋናዩን የኢቫን ሞዡኪንን አንድ ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ከምትጫወት ሕፃን ጋር ቀጠለው። ተማሪው ፑዶቭኪን እንደዘገበው ተመልካቾች ተዋናዩ ረሃቡን፣ ሐዘኑንና ፍቅሩን እንዴት አድርጎ እንደገለጸ አደነቁ። ፊቱ ግን አንድ ነበር። ትርጉሙ የተወለደው በሁለቱ ምስሎች መጋጠሚያ ላይ፣ በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ነው።

ይህን ሙከራ የሩስያ ታሪክ ብቻ አድርገን የምናስተምር ከሆነ ትልቁን ምሳሌ ረስተናል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። መነሻው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው ዘገባ ነበር። በዚያ ምሽት የታየው ግን እንዳለ ዘገባው አልነበረም። በወሎ ከሚረግፉት ወገኖች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ነገሩን በጥሞና እንመርምረው። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር። ድግሱም ተደግሷል፤ ውሾቹም በልተዋል። አንድም የተፈጠረ ምስል አልነበረም። ሆኖም «እነዚህ የሚሞቱት እነዚያ ስለሚበሉ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም በአንደበቱ አልተናገረውም፤ የተናገረው መቀስ ነው። ድርቁ፣ የመሬት ይዞታው፣ የመንገድ እጦቱ፣ የባለ ሥልጣናቱ ዝምታ ሁሉ እያንዳንዳቸው ማብራሪያ የሚሹ ምክንያቶች ናቸው፤ በዚያ ምሽት ግን በአንድ መጋጠሚያ ላይ ተጠቃለሉ። በእኔ አስተያየት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የዚያን ያህል ውጤት ያስከተለ የፊልም ቅንብር የለም። ይህን ማለት ለዘውዱ ጥብቅና መቆም አይደለም። የተቆጣው ተመልካች የሚቆጣበት በቂ ምክንያት ነበረው፤ የሚያሳዝነው ቁጣውን የመራው እጅ አለመታየቱ ነው።

አሥር ዓመት አለፈ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ሌላ ድግስ ነበር፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀለም ሥርጭት የጀመረው ያንኑ በዓል ምክንያት በማድረግ ነው። በዚያው ወቅት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከ1966ቱ የከፋ ረሃብ ነበር። የበዓሉ ቀለም በቴሌቪዥን ሲደምቅ ካሜራዎች ወደ ረሃቡ አካባቢ እንዳይሄዱ ተደረገ። የድግስና የረሃብ ምስል ሲቀጣጠሉ ምን እንደሚወለድ ከማንም በላይ የሚያውቀው ያንን ፊልም ያሳየው መንግሥት ነበርና፣ ክልከላው የሚያስደንቅ አይመስለኝም።

ክልከላው ሲላላ ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ከማይክል ቡርክ ጋር ኮረም ገባ። ዘገባቸው በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ምስሉ የተቀረጸው ጎህ ሲቀድ ነበር። በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ከአድማስ ተጠግቶ በአግድም ይመጣል፤ ጭጋጉና ጢሱ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት ያለዝበዋል፤ ብርድ ልብስ የተከናነበው ሕዝብ ጫፉ ሳይታይ ከጭጋግ ውስጥ ይወጣል። ይህ የብርሃን ጠባይ ትዕይንቱን ከዘመን ውጭ አደረገው። ተመልካቹ ያየው በ1977 በጦርነት መካከል ያለ ሕዝብ ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ ሲራብ የኖረ ሕዝብ ነው። ጦርነቱ፣ መንግሥቱ፣ የእህል ገበያው ከምስሉ ጠርዝ ውጭ ቀሩ። ያ ምስል የዓለምን ልብ አንቀሳቅሶ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የዚያኑ ያህል ግን «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ለአሥርት ዓመታት ከአንድ ጭጋጋማ ማለዳ ጋር አስሮታል። ያሬድ ዘለቀ በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም በሆነው «ላምብ» የደጋውን አረንጓዴ መስክ መጋረጃ ሙሉ ሲያሳይ፣ ከቀለሙ ጋር የሚከራከረው ያ የቆየ ምስል ነበር።

ተመልካቹን ሳይቸኩሉ ማክበርም ይቻላል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በዚያው በ1966 ዓ.ም. የለውጥ ማዕበል ውስጥ የቀረጹት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው። ባላባቱ ከፍ ካለ ስፍራ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ይጣራል፤ ገበሬዎቹ በሰፊው መሬት ላይ ከሩቅ፣ ለረጅም ጊዜ ሲጓዙ ይታያሉ። እዚህም ከፍታና ርቀት ይናገራሉ፤ ዳይሬክተሩም አቋም አላቸው። ነገር ግን ምስሉ ቶሎ አይቆረጥም። ተመልካቹ የመሬቱን ስፋት በእግር የሄደው እስኪመስለው ድረስ ያያል፤ ለመፍረድም ጊዜ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

«ይህን ሁሉ ማወቅ የፊልምን ደስታ ያጠፋል» የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ወርቁን ስላገኘ ሰሙ አይመርረውም፤ እንዲያውም ጣዕሙ ይጨምርለታል። «ትርጉም በተመልካቹ ዘንድ ነው፤ ካሜራ ምን ያደርጋል?» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። በእርግጥ የኮረምን ምስል የለንደን ሰውና የላስታ ሰው በአንድ መንገድ አያነቡትም። ሆኖም ሁለቱም ከምስሉ ጠርዝ ውጭ የቀረውን ማንበብ አይችሉም። የተመልካች ነጻነት የሚጀምረው ከተሰጠው ምስል ነው፤ የማይሰጠውን የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሲኒማ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1967 ሁለት ምስሎችን ለመቀጣጠል የመንግሥት ጣቢያና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። አሁን በእጅ ስልክ አንድ ወጣት በደቂቃ ይሠራዋል። የሌላ ዓመት ሬሳ ከዛሬ ንግግር ጋር፣ የሌላ አገር እሳት ከእኛ መንደር ስም ጋር ተቀጥሎ ይሠራጫል። በቅርብ ዓመታት በምስል የተነሣ ቁጣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አይተናል። ሐሰተኛ ምስልን የሚለይ መሣሪያ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል እውነት ሆኖ በመጋጠሚያው የሚያሳስተውን ማንም መሣሪያ አይለየውም። እርሱን የሚለየው የሠለጠነ ተመልካች ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። የብርሃን ትምህርት በፊዚክስ ክፍሎቻችን ከመስተዋትና ከሌንስ ሥዕላዊ መግለጫ ወጥቶ ወደ ካሜራው ይምጣ። ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ወደ ቁስቋም ዳገት ይውጡ፤ አንድን ፈቃደኛ ጓደኛ በ3 ሜትርና በ60 ሜትር፣ ከላይና ከታች፣ በማለዳና በእኩለ ቀን ይቅረጹ፤ ርቀቱን ይለኩ፣ መጠኑን ያስሉ። ከዚያም የሥነ ልቡናና የቴአትር ተማሪዎች ምስሎቹን ለማያውቅ ሰው አሳይተው «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ይጠይቁ። የሚያስፈልገው ወጪ የሜትር ገመድና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው። ውጤቱ ግን ፊዚክስና ሥነ ዜጋ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የሚገናኙበት ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲ ላልገባው ተመልካች ደግሞ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ካሜራው የት ቆሞ ነበር? ብርሃኑ ለማን ተመጠነ? ከዚህ ምስል በፊትና በኋላ ምን መጣ? ከጠርዙ ውጭ ማን ቀረ? ዓይን አይቶ ልብ መፍረዱ አይቀርም። ልብ ከመፍረዱ በፊት ግን እነዚህን አራት ምስክሮች ይስማ።